ማህተሙን ይተዉት፣ ውሃ ውስጥ ይመዝኑት

ጥያቄ፦ ከአያቴ የወረስኩት የአንገት መስቀል ምንም ምልክት የለበትም፤ ጠቁሯልም። ከሱቅ የገዛሁት ሐብል 925 የሚል ማህተም አለው፤ ነገር ግን ሁለት ወር ሳይሞላው አንገቴን አረንጓዴ አደረገው። ብሩ የትኛው ነው?

መልስ፦ ሳላይ መፍረድ አልወድም። ተወራረድ ብባል ግን በአያትዎ መስቀል እወራረዳለሁ።

925 ሲባል ከ1000 እጅ 925ቱ ብር ነው፤ የቀረው 75 አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው። ንጹህ ብር ለስላሳ ስለሆነ መዳቡ ያጠነክረዋል። ቁጥሩ እውነት ሲሆን መልካም ነው፤ ነገር ግን እሱን ለማተም አንድ መምቻና መዶሻ ይበቃል፤ አርቴፊሻል ጌጥ ላይም ይመታል። የድሮ አንጥረኞቻችን ደግሞ ማህተም አይመቱም ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚያቀልጡት 1780 የሚል ዓመት ያለበትን የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነው። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ነው። መስቀልዎ ከጠገራ የተሠራ ከሆነ 925 አይሞላም፤ ብርነቱን ግን የሚክድ የለም። ገንዘቡንም ማዕድኑንም በአንድ ስም የምንጠራው በከንቱ አይደለም።

ጥቁረቱ አያስደንግጥዎ፤ ብር አየር ውስጥ ያለ የድኝ ውህድ ሲነካው ይጠቁራል። አረንጓዴው የሚመጣው መዳብ ከላብ ጋር ሲገናኝ ነው። እውነተኛ 925 እንኳ አንዳንድ ሰው ላይ ጥቂት ሊያሳይ ስለሚችል፣ በዚህ ብቻ ሐብሉን አልኮንነውም።

በማጉያ መነጽር የሚፋተጉትን ቦታዎች ይዩ፦ የማንጠልጠያውን ቀለበት ውስጡን፣ የመቆለፊያውን ጠርዝ። ቢጫ ወይም ቀላ ያለ ነገር ብቅ ካለ ቅብ ነው። አስቸጋሪው «የጀርመን ብር» የሚባለው ነው። ስሙ ብር ይሁን እንጂ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው፤ ቅቡ ቢላጥም ከሥሩ ነጭ ነው። ማግኔትም አይስበውም። በተቃራኒው የእውነተኛ ብር ሐብል መቆለፊያ ውስጥ የብረት ሞላ ስለሚኖር ማግኔቱ እዚያ ላይ ብቻ ሊይዝ ይችላል፤ ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል።

እኔ የማምነው ውሃን ነው። የግራም አሥረኛን የሚያነብ ሚዛን ያግኙ፤ ለቀላል ጌጥ መቶኛን የሚያነብ ይሻላል። መጀመሪያ ጌጡን በደረቁ ይመዝኑ። ከዚያ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ ያስቀምጡና ወደ ዜሮ ይመልሱት። ጌጡን በቀጭን ክር አስረው፣ ሙሉ በሙሉ እስኪጠልቅ ያውርዱት፤ የብርጭቆውን ታችም ጎኑንም አያስነኩት። የደረቁን ክብደት አሁን ሚዛኑ ለሚያሳየው ቁጥር ያካፍሉ። መስቀሉ 31 ግራም ሆኖ ውሃው ላይ 3.0 ካሳየ 10.3 ይመጣል። 925 ብር 10.4 አካባቢ፣ የጠገራ ብር 10.2 አካባቢ ነው። የጀርመን ብር ቢሆን ሚዛኑ 3.6 ያህል ያሳይና ውጤቱ 8.6 ላይ ያርፋል። ሐብል በየቀለበቱ አረፋ ስለሚይዝ ውሃው ላይ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይጨምሩ። ድንጋይ ያለበት ወይም ውስጡ ባዶ የሆነ ጌጥ ግን በዚህ መንገድ አይታወቅም።

ያን ጊዜ አንጥረኛ ጋ ይሂዱ፤ ከማይታይ ጎን በሞረድ ጫር አድርጎ ናይትሪክ አሲድ ጠብ ያደርግበታል። አረንጓዴ ሆኖ ከፈላ ብር አይደለም። ይህን ቤትዎ አይሞክሩት፤ ጢሱ ሳንባ ይጎዳል።

መስቀሉን እስከዚያው በአመድም በጥርስ ሳሙናም እንዳይፈትጉት። በጭረቶቹ ውስጥ የተኛው ጥቁረት ነው ቅርጹን የሚያወጣው፤ ፈትገው ያነጡትን መስቀል ይዘው መጥተው «መልሰህ አጥቁርልኝ» ያሉኝ ደንበኞች አሉ።

ሐብሉ 8 ተኩል አካባቢ ከመጣ ደረሰኙን ይዘው ወደ ሸጠልዎት ሱቅ ይመለሱ። ሚዛኑንና ብርጭቆውንም ጨምረው ቢወስዱ አይከፋም።