መልስ፦ ግሩፓችን የፒዲኤፍ መጋዘን ሆነ

ሰላም ወዳጄ። በርቀት የምትማሩ ስድስት ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ከፍታችሁ ሁሉም ፒዲኤፍ ብቻ ይለጥፋል፣ የሚወያይ ጠፋ ነው ያልከው። እኛም ስታቲስቲክስ ስንማር እንደዚያው ነበርን። ፋይሉ ሞልቶ የሚከፍተው የለም። (“ደህና አደራችሁ” የሚለውን የአበባ ፎቶ ሳልቆጥር ነው።)

እኛን ያዳነን ጉግል ዶክስ ነው፣ ብዙ ሰው አንድ ሰነድ ላይ አብሮ የሚጽፍበት። አንድ ባዶ ሰነድ ላይ የምዕራፉን ጥያቄዎች ደረደርን። እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ወሰድን። መልሱ በራስ ቋንቋ ይጻፋል፣ መገልበጥ ክልክል ነው። ያልገባው ሰው መስመሩን መርጦ ኮመንት ያደርጋል። አንዴ አንዷ “ናሙናው 10 ሰው ሆኖ ቫሪያንሱን ለምን በ9 እናካፍላለን?” ብላ ጻፈች (ቫሪያንስ ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደተበታተኑ የሚለካ ነው)። ማናችንም አናውቀውም! ስንፈልግ አመሸን። ለካ የቁጥሮቹን ርቀት የምንለካው ከራሱ ከናሙናው አማካይ ስለሆነ ውጤቱ ወደ ማነስ ያደላል፤ በ9 ማካፈሉ ያንን ያስተካክላል። እስከዛሬ አልረሳሁትም። የሚለግም ካለ ደግሞ ቨርዥን ሂስትሪውን ክፈቱት፣ ማን መቼ ምን እንደጻፈ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ቴሌግራሙንም አትዝጉት። ፖል (የምርጫ ጥያቄ) ስትሠራ ኩዊዝ ሞድ የሚል አለ። ትክክለኛውን መልስ ታስቀምጣለህ፣ ለተሳሳተ ሰው የሚወጣ አጭር ማብራሪያም ትጨምራለህ። ጥያቄ ማውጣቱን ተራ ግቡበት፤ እሱ ራሱ ያስጠናል።

ኔት ለሚቆራረጥበት ልጅ ሰነዱን ኦፍላይን አድርጉለት። የጻፈው ኔት ሲመጣ ራሱ ይገባል። ሰው ግን ለጊዜው አትጨምሩ፣ ስድስት በቂ ነው።