በኪካድ ራስዎ የሠሩት ሲምቦል ለምን አይያያዝም?

ጥያቄ፦ ኤኤምኤስ 1117 ለተባለው የ3.3 ቮልት ሬጉሌተር (ቮልቴጅን የሚያረጋጋ ዕቃ) ኪካድ በተባለው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ መንደፊያ ፕሮግራም የራሴን ሲምቦል፣ ማለትም ዕቃውን በንድፉ ላይ የሚወክለውን ምልክት፣ ሠራሁ። በሼማቲኩ (በወረዳው ንድፍ) ላይ ሽቦዎቹ ከፒኖቹ (ከዕቃው እግሮች) ጋር የተያያዙ ይመስላሉ፤ የኤሌክትሪክ ደንብ ፍተሻውን ሳስኬድ ግን አንዳንዱ ፒን አልተገናኘም ይለኛል። በግቤቱና በግራውንዱ ላይ ደግሞ ኃይል የሚሰጠው ፒን የለም የሚል ስህተት ያወጣል። ፋይሉን በጓደኛዬ ላፕቶፕ ስንከፍተውም ላይብረሪው (ሲምቦሉ የተቀመጠበት ስብስብ) አልተገኘም ይላል። የተሳሳትኩት ምን ላይ ነው?

መልስ፦ ይህ ሬጉሌተር ከኪካድ ጋር በሚመጣው ላይብረሪ ውስጥ ስላለ፣ ለዚህ ቦርድ ብቻ ቢሆን ኖሮ አዲስ መሣል አያስፈልግዎትም ነበር። ሆኖም መለማመድ በሚታወቅ ዕቃ ቢጀመር ይሻላል፤ የሠሩትን ከተዘጋጀው ጋር አስተያይተው ማረም ይችላሉና።

ሽቦው ያልተያያዘው በግሪድ፣ ማለትም ነገሮች በሚያርፉበት የነጥቦች መረብ፣ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ኪካድ ሽቦንና ፒንን እንደተገናኙ የሚቆጥረው ትንሿ ክብ የምትታይበት የፒኑ ጫፍ በትክክል ሽቦው ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው። የሼማቲኩ የተለመደ ግሪድ 50 ሚል፣ ማለትም 1.27 ሚሊሜትር ነው፤ እርስዎ የሲምቦሉን መልክ ለማሳመር ግሪዱን አጥብበው ፒኖቹንም በዚያው ካስቀመጧቸው፣ ዐይን የማይለየው ክፍተት ይቀራል። ጠባብ ግሪድ ለሳጥኑ መስመርና ለጽሑፉ ይጠቅማል፤ ለፒን ግን ፈጽሞ አይጠቀሙበት። በሲምቦል ኤዲተሩ ውስጥ ያለው የፒን ሰንጠረዥ የእያንዳንዱን ፒን ቦታ በቁጥር ስለሚያሳይ፣ የ1.27 ብዜት ያልሆነውን እዚያው ያስተካክሉ። ካስተካከሉ በኋላ ሼማቲኩ ባይለወጥ አይደንግጡ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ከወጣው ከስሪት 6 ጀምሮ ሼማቲኩ የሲምቦሉን ቅጂ በውስጡ ይዞ ስለሚቀመጥ፣ ሲምቦሎችን ከላይብረሪ የሚያድሰውን ትእዛዝ ማስኬድ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ትክክለኛውን እርማት አድርጎ «አልሠራም» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው።

የኃይሉ ስህተት የሚመጣው ከፒኑ ዓይነት ነው። የሬጉሌተሩ ግቤትና ግራውንድ «ኃይል ተቀባይ»፣ ውጤቱ ደግሞ «ኃይል ሰጪ» ሆነው መመዝገብ አለባቸው፤ ከስህተቱ እንደምረዳው ግቤቱንና ግራውንዱን በትክክል መዝግበዋቸዋል። ፍተሻው ግን ኃይል ተቀባይ ፒን ባለበት መስመር ላይ ሁሉ አንድ ኃይል ሰጪ ፒን ይፈልጋል፤ ቦርድዎ ኃይል የሚያገኝበት ማገናኛ ፒኖቹ እንደተለመደው «ፓሲቭ» (ኃይል ሰጪም ተቀባይም ያልተባሉ) ከሆኑ ፕሮግራሙ ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ አያውቅም። በግቤቱ መስመርና በግራውንዱ መስመር ላይ ፓወር ፍላግ የተባለውን ምልክት አንድ አንድ ያስቀምጡ። ስህተቱን ዝም ለማሰኘት ሲሉ የሬጉሌተሩን ፒኖች ወደ ፓሲቭ እንዳይለውጡ አደራ እላለሁ፤ እንዲህ ካደረጉ አንድ ቀን ግቤቱን በእርግጥም ሳያገናኙ ሲረሱት የሚያስጠነቅቅዎ አይኖርም።

የጓደኛዎ ላፕቶፕ ጉዳይ ቀላል ነው። ላይብረሪውን በራስዎ ኮምፒውተር አጠቃላይ ዝርዝር ውስጥ መዝግበውታል። ፋይሉን ወደ ፕሮጀክቱ ፎልደር አምጥተው በፕሮጀክቱ ዝርዝር ውስጥ ይመዝግቡት፤ አድራሻውም በእርስዎ ዲስክ ሙሉ መንገድ ሳይሆን የፕሮጀክቱን ፎልደር በሚወክለው ተለዋዋጭ ይጻፍ። ራስዎ የሠሩት ፉትፕሪንት (ዕቃው በቦርዱ ላይ የሚበየድበት የመዳብ ቅርጽ) ካለም እንደዚሁ ያድርጉ።

አሁን ያልጠየቁኝን ልጨምር፤ ከጠየቁኝ ሁሉ ይልቅ ገንዘብ የሚያስወጣው እሱ ነውና። ሼማቲኩ ወደ ቦርዱ የሚሻገረው በፒን ቁጥር እንጂ በፒን ስም አይደለም፤ የሲምቦሉ ፒን 2 ከፉትፕሪንቱ ፓድ (የመበየጃ መዳብ) 2 ጋር ይገናኛል፣ ስሙ ምንም ቢሆን። እንደ ብዙዎቻችን 7805 በተባለው የ5 ቮልት ሬጉሌተር ለምደው ከሆነ፣ ፒን 1 ግቤት፣ 2 ግራውንድ፣ 3 ውጤት ብለው ቆጥረው ይሆናል። በ1117 ግን ፒን 1 ግራውንድ፣ 2 ውጤት፣ 3 ግቤት ነው። ይህን ቢያቀያይሩት ፍተሻው አንዲት ስህተት አያወጣም፤ እሱ የሚያየው የፒኑን ዓይነት እንጂ ዳታሺትን (የአምራቹን መግለጫ) አይደለምና።

ሬጉሌተሩ በሚመጣበት ሶት-223 በተባለው ማቀፊያ (የዕቃው አካል) ላይ ያለው ሰፊ የብረት ምላስም የራሱ ጣጣ አለው። በ1117 ምላሱ ከውጤቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ በ7805 ግን ከግራውንድ ጋር። ኪካድ ለዚህ ማቀፊያ ምላሱን 2 ብሎ የሚቆጥር ፉትፕሪንት አለው፣ 4 ብሎ የሚቆጥርም አለው። ባለ ሦስት ፒን ሲምቦልዎን ከሁለተኛው ጋር ካገናኙት የምላሱ ፓድ ያለ መስመር ይቀራል፤ ሙቀቱን የሚያስወግደውን ሰፊ መዳብም ያጣሉ። እንደ 7805 መስሎዎት ከግራውንድ ጋር ቢያገናኙት ደግሞ ውጤቱን ሾርት አደረጉት ማለት ነው። ስለዚህ ምላሱ 2 የሆነበትን ፉትፕሪንት ይምረጡ፤ አራተኛ ፒን መጨመር ከፈለጉም ዓይነቱን ፓሲቭ አድርገው ከውጤቱ ጋር ያያይዙት።

እኔ ራሴ በጀማሪነቴ ለቢሲ 547 የሠራሁትን የትራንዚስተር ሲምቦል ለ2ኤን 3904 ተጠቅሜበት ነበር። ሁለቱም በቲኦ-92 ማቀፊያ የሚመጡ ኤንፒኤን ናቸው፤ የመጀመሪያው ግን ከኮሌክተር፣ ሁለተኛው ከኤሚተር ይጀምራል። ደግነቱ የሁለቱም ቤዝ መሐል ላይ ስለሆነ እያንዳንዱን ትራንዚስተር አዙሬ በመበየድ ተረፍኩ፤ በሬጉሌተርዎ ግን እንዲህ ያለ ማምለጫ የለም። ስለዚህ ቦርዱን ከማዘዝዎ በፊት በትክክለኛ መጠኑ ወረቀት ላይ ያትሙትና ዕቃውን በላዩ አስቀምጠው፣ ዳታሺቱን ከጎን ይዘው፣ እያንዳንዱ ፓድ የትኛው መስመር ላይ እንዳለ አንድ በአንድ ይቁጠሩ። ዳታሺቱ ሥዕሉን ከላይ ይሁን ከታች እንደሚያሳይም ልብ ይበሉ።