ሜይል ሰርቨሩ ማንን ነው የሚጠይቀው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን ኤክስቼንጅ 2019 (የማይክሮሶፍት ሜይል ሰርቨር) ይጠቀማል፤ ዶሜይን ኮንትሮለሩ (የተጠቃሚዎችን ስምና ፓስወርድ ይዞ የሚያረጋግጠው ሰርቨር) ሌላ ማሽን ላይ ነው ያለው። መብራት ጠፍቶ ዩፒኤሱ ካለቀ፣ መብራት ሲመለስ ሁሉም ማሽን በአንድ ላይ ይነሳል፤ ሜይሉ ግን አልነሳ ይላል። አውትሉክ ፓስወርድ ደጋግሞ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ሰርቪስ «ስታርቲንግ» ላይ ተገትሮ ይቀራል። ኤክስቼንጁን ሁለት ሦስት ጊዜ ሪስታርት ሳደርገው አንዳንዴ ይስተካከላል፣ አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እንደገና ልጫነው ወይ? (ከአዳማ)

መልስ፦ እንደገና መጫኑን ለጊዜው ይተዉት። ኤክስቼንጅ በራሱ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ማን የሜይል ሳጥን እንዳለው፣ የማን መልእክት የትኛው ዳታቤዝ ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ የራሱ የሰርቨሩ ሴቲንግ ሳይቀር አብዛኛው ያለው አክቲቭ ዳይሬክተሪ፣ ማለትም ዶሜይን ኮንትሮለሩ የሚይዘው መዝገብ ውስጥ ነው። አክቲቭ ዳይሬክተሪው የት እንዳለ የሚነግረው ደግሞ ዲኤንኤስ፣ ስምን ወደ አድራሻ የሚለውጠው አገልግሎት ነው። ስለዚህ ከዲኤንኤስ ይጀምሩ፣ ሰዓቱን ይዩ፣ ወደ ዳይሬክተሪው ይሂዱ፤ ኤክስቼንጁን መጨረሻ ይንኩት።

የኤክስቼንጁን ኔትወርክ ካርድ ከፍተው የዲኤንኤስ አድራሻዎቹን ይመልከቱ። አንደኛው የዶሜይን ኮንትሮለሩ፣ ሁለተኛው 8.8.8.8 (የጉግል የሕዝብ ዲኤንኤስ) ከሆነ የችግሩን ግማሽ አግኝተውታል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን መስመር እንደ ትርፍ ጎማ ያየዋል፤ የመጀመሪያው ያላወቀውን ሁለተኛው ይመልሳል ብሎ። ዊንዶውስ እንዲህ አይሠራም። ሁለተኛውን የሚጠይቀው የመጀመሪያው ጨርሶ ዝም ሲለው ነው፤ «እንዲህ የሚባል ስም የለም» ከተባለ ያንን እንደ ቁርጥ መልስ ወስዶ ያቆማል። መብራት ሲመጣ ዶሜይን ኮንትሮለሩ ገና እየተነሳ ስለሆነ ዝም ይላል። ኤክስቼንጁ ወደ 8.8.8.8 ይዞራል፤ ያ ሰርቨር የእናንተን የውስጥ ዶሜይን ከየት ያውቀዋል? «የለም» ይላል። ዶሜይን ኮንትሮለሩ ከተነሳ በኋላም ኤክስቼንጁ ለተወሰነ ጊዜ እዚያው ሙጥኝ ሊል ይችላል። «አንዳንዴ ይስተካከላል» ያሉት ለዚህ ነው፤ ማን ቀድሞ እንደተነሳ ይወሰናል።

8.8.8.8ን ከካርዱ ያጥፉትና ዶሜይን ኮንትሮለሩ ላይ ባለው ዲኤንኤስ ውስጥ ፎርዋርደር (ራሱ የማያውቀውን ስም የሚጠይቀው ሰርቨር) አድርገው ያስገቡት። በካርዱ ሁለተኛ መስመር መግባት ያለበት ሌላ ዶሜይን ኮንትሮለር ካለ እሱ ነው፤ ከሌለ ባዶ ይሁን። ከዚያ የኤክስቼንጁን የዲኤንኤስ ካሽ ያጽዱና በኤንኤስሉክአፕ (ዲኤንኤስን መጠየቂያ ትእዛዝ)፣ ዓይነቱን ኤስአርቪ (አንድ አገልግሎት የት እንዳለ የሚናገር መዝገብ) አድርገው፣ የዶሜይን ኮንትሮለሩን መዝገብ ይጠይቁ። ስሙ የሚጻፈው አንደርስኮር ኤልዳፕ፣ አንደርስኮር ቲሲፒ፣ ዲሲ፣ አንደርስኮር ኤምኤስዲሲኤስ፣ ቀጥሎ የዶሜይናችሁ ስም፣ በየመካከሉ ነጥብ እየገባ ነው። መልሱ የሰርቨሩን ስምና ፖርት 389ን ማሳየት አለበት። ባዶ ከመጣ ዶሜይን ኮንትሮለሩ ላይ ኔትሎጎን የሚባለውን ሰርቪስ ሪስታርት ያድርጉ፤ መዝገቦቹን መልሶ የሚያስመዘግበው እሱ ነው። ከዓመት በፊት የተጣለ ሰርቨር ስም አብሮ ብቅ ካለም ያጥፉት፤ ኤክስቼንጁ የሞተ በር እያንኳኳ ጊዜ ያባክናል።

ሰዓት። ኬርበሮስ፣ ዶሜይኑ ማንነትን የሚያረጋግጥበት ሥርዓት፣ በሁለት ማሽኖች መካከል በነባሪው ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይቀበልም። የማዘርቦርዱ ባትሪ ያለቀ አሮጌ ሰርቨር መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ድሮ ዓመት ይመለሳል፤ የፓስወርዱ ጥያቄ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ባትሪው ብዙ ጊዜ የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባለ 3 ቮልት ሲአር2032 ነው። ሁለቱንም ማሽን ጎን ለጎን ከፍቶ ሰዓቱን ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚገርመው ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚታየው እሱ ነው።

አሁን ወደ ኤክስቼንጁ ይምጡ። ሌሎቹ ሰርቪሶች በሙሉ የተንጠለጠሉት አክቲቭ ዳይሬክተሪ ቶፖሎጂ በሚባለው ላይ ነው፤ እሱ ሳይነሳ ሌላውን አንድ በአንድ ለማስነሳት መታገል ድካም ነው። ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ማያ) ውስጥ አፕሊኬሽን ሎግን ከፍተው ቁጥር 2080ን ይፈልጉ። ኤክስቼንጁ ያገኛቸውን ዶሜይን ኮንትሮለሮች ይዘረዝራል። ጤነኛ መስመር ከሰርቨሩ ስም ቀጥሎ ሲ፣ ዲ እና ጂ የሚሉ ፊደላት፣ ከዚያም 1 7 7 1 0 1 1 7 1 የሚሉ ቁጥሮች አሉት። ከቁጥሮቹ ሁለተኛው መድረስ መቻሉን ይናገራል፤ ከ7 ካነሰ ፖርት ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ከኤክስቼንጁ ወደ ዶሜይን ኮንትሮለሩ ፖርት 53፣ 88፣ 389 እና 3268 መከፈታቸውን ይፈትሹ። 3268 የግሎባል ካታሎግ (በመላው ዳይሬክተሪ የሚፈለግበት ማውጫ) ፖርት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እሱ ነው። ስድስተኛው ቁጥር 0 ከሆነ ጉዳዩ የፈቃድ ነው፦ የዶሜይን ኮንትሮለሮቹ ፖሊሲ ውስጥ «ማኔጅ ኦዲቲንግ ኤንድ ሴኩሪቲ ሎግ» ከሚለው መብት ላይ የኤክስቼንጅ ሰርቨርስ ግሩፕ ወጥቷል። ግሩፑን መልሰው ያስገቡ፣ ፖሊሲውን ያድሱ፣ ቶፖሎጂ ሰርቪሱን ሪስታርት ያድርጉ። ከ2080 ይልቅ 2114 ደጋግሞ ከመጣ ኤክስቼንጁ የሚጠቅመው ዶሜይን ኮንትሮለር ጨርሶ አላገኘም። የሚነበብ ብቻ የሆነውን ዶሜይን ኮንትሮለር ደግሞ አይቆጥረውም፤ ቅርንጫፍ ውስጥ እሱን ብቻ አስቀምጠው ከሆነ እንደሌለ ይቁጠሩት።

ፖርቶቹ ትናንት ክፍት ነበሩ፣ ዛሬ ተዘጉ? ማሽኑ ሲነሳ ዶሜይን ኮንትሮለሩን ስላጣ ኔትወርኩን «ፐብሊክ» ብሎ መድቦት ይሆናል፤ ያኔ ፋየርዎሉ በሌላ ሕግ ይሠራል። ኔትወርክ ካርዱን አንዴ ዲሴብል አድርገው መልሰው ኢኔብል ሲያደርጉት ወደ ዶሜይን ይመለሳል። ይህን ከርቀት አይሞክሩት፤ ካርዱ ሲዘጋ እርስዎም ከውጭ ይቀራሉ።

ለሚቀጥለው የመብራት መጥፋት የመነሻ ተራ ያብጁ። ዶሜይን ኮንትሮለሩ ቀድሞ ይነሳ፤ ሲስቮልና ኔትሎጎን የሚባሉት የጋራ ፎልደሮች እስኪታዩ ይጠብቁ፤ ከዚያ ኤክስቼንጁ። በሀይፐር ቪ (የማይክሮሶፍት የቨርችዋል ማሽን ማስኬጃ) ላይ ከሆኑ ለኤክስቼንጁ ቨርችዋል ማሽን የ600 ሰከንድ መዘግየት ይስጡት። ዶሜይን ኮንትሮለሩ አንድ ብቻ ከሆነ ሁለተኛ ያቁሙ፤ ለሜይል ሰርቨሩ ራም ከመግዛት ይህ ይቀድማል።

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ ላይ ፖስትፊክስ (የሜይል ሰርቨር) አለን፣ የተጠቃሚው ዝርዝር ኦፕንኤልዳፕ (ዳይሬክተሪ ሰርቨር) ላይ ነው። የዲኤንኤስ ሰርቨሩን አድራሻ ከቀየርን ወዲህ ሎጉ «ኔም ሰርቪስ ኤረር» ይላል፤ የሚልኩልን ሰዎች ደግሞ 451 የሚል የስህተት መልስ ይደርሳቸዋል። እዚያው ማሽን ላይ በዲግ (ዲኤንኤስን መጠየቂያ ትእዛዝ) ስጠይቅ ግን ስሙ ወዲያው ይመጣል። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ዲግ እና ፖስትፊክስ አንድ ፋይል እያነበቡ አይደለም። ኡቡንቱ ላይ አብዛኛው የፖስትፊክስ ክፍል የሚሠራው ቫር፣ ስፑል፣ ፖስትፊክስ በሚለው ፎልደር ውስጥ ተቆልፎ ነው። የሚያነበው የሪዞልቭ ኮንፍ (የዲኤንኤስ ሰርቨሩ አድራሻ የሚጻፍበት) ፋይልም እዚያው ውስጥ ባለው ኢቲሲ ፎልደር የተቀመጠውን ቅጂ ነው። እርስዎ ዋናውን ሲቀይሩ ቅጂው የድሮውን አድራሻ ይዞ ቀረ። ሁለቱን ፋይሎች ያስተያዩ፤ ከተለያዩ ፖስትፊክስን ሪስታርት ያድርጉት። ሪሎድ አይበቃም፤ ቅጂው የሚታደሰው ሰርቪሱ እንደ አዲስ ሲነሳ ነው።

የኤልዳፑን ለብቻ ይፈትኑ። ፖስትማፕን (የፖስትፊክስን ዝርዝሮች መጠየቂያ ትእዛዝ) በ«ኪው» አማራጭ፣ በአንድ እውነተኛ የሠራተኛ አድራሻና በኤልዳፕ ፋይላችሁ ያስኪዱ። የሳጥኑ ስም ከመጣ ደህና ነው። «ሰርቨሩን ማግኘት አልቻልኩም» ካለ፣ ፋይሉ ውስጥ የኤልዳፕ ሰርቨሩ በስም ነው ወይስ በአይፒ የተጻፈው የሚለውን ይዩ፤ በስም ከሆነ የዲኤንኤሱ በሽታ የኤልዳፕ መስሎ ነው የሚታየው። ምንም ሳይል ባዶ ከተመለሰ ግን ይጠንቀቁ። 451 ጊዜያዊ ነው፤ ላኪው ሰርቨር ጠብቆ ደግሞ ይሞክራል፤ ፖስትፊክስ ራሱ በነባሪው 5 ቀን ይይዛል። ዳይሬክተሪው ተነስቶ «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ካለ ግን ፖስትፊክስ 550 (ቋሚ እምቢታ) ይመልሳል፣ መልእክቱም ወደ ላኪው ተመልሶ ይቀራል። ከባክአፕ የተመለሰ ግማሽ ባዶ ዳይሬክተሪ ወይም በአንድ ፊደል የተሳሳተ የመፈለጊያ ሥር (ፍለጋው ከዳይሬክተሪው የሚጀምርበት ቦታ) ይህን ያደርጋል፤ ከጠፋ ዳይሬክተሪ ይልቅ የሚያስፈራው የሚዋሽ ዳይሬክተሪ ነው። ስለዚህ ጥገና ከመጀመርዎ በፊት ሜይን ሲኤፍ (የፖስትፊክስ ዋና የሴቲንግ ፋይል) ውስጥ «ሶፍት ባውንስ»ን «የስ» ያድርጉት፤ 5 የሚጀምረው መልስ ሁሉ ወደ 4 ይቀየራል። ሲጨርሱ ማጥፋቱን አይርሱ፣ አለዚያ የቆሻሻው ሜይል ሁሉ ተመላልሶ ያንኳኳል። የተጠራቀመውን በፖስትኪው «ኤፍ» ይልቀቁት።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ሰርቨር መግዣ የለንም። ኤክስቼንጁንና ዶሜይን ኮንትሮለሩን አንድ ዊንዶውስ ላይ ብንጭናቸውስ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይሠራል፣ ማይክሮሶፍት ግን አይመክረውም። ሲዘጋ ዳይሬክተሪው ከኤክስቼንጁ ቀድሞ ስለሚቆም መዝጋቱ እጅግ ይረዝማል። ኤክስቼንጅ ከተጫነ በኋላም ማሽኑን ከዶሜይን ኮንትሮለርነት ማውረድም ሆነ አዲስ መሾም አይደገፍም። አንድ ማሽን ብቻ ካላችሁ ሀይፐር ቪ ጭናችሁ ሁለት ቨርችዋል ማሽን አድርጉት።

ጥያቄ፦ የሜይል ሰርቨራችንን ዲኤንኤስ ወደ 8.8.8.8 ካዞርን ጀምሮ የሚገባው ሜይል በሙሉ «ብላክሊስት ላይ ነው» ተብሎ ይመለሳል፤ ከጂሜይል የመጣው ሳይቀር።

መልስ፦ የምትጠቀሙበት ዝርዝር የስፓምሃውስ (የቆሻሻ ሜይል ላኪዎችን የሚመዘግብ ድርጅት) ይሆናል። በሕዝብ ሪዞልቨር (እንደ 8.8.8.8 ለሁሉም ክፍት በሆነ ዲኤንኤስ) በኩል ለሚመጣ ጥያቄ 127.255.255.254 ብሎ ይመልሳል፤ ትርጉሙም «በዚህ መንገድ አትጠይቁኝ» ነው። ሰርቨራችሁ ማንኛውንም መልስ «ዝርዝሩ ውስጥ ተመዝግቧል» ብሎ ስለሚወስድ ሁሉንም ይመልሳል። እዚያው ማሽን ላይ አንባውንድ (የዲኤንኤስ ሰርቨር ፕሮግራም) ጭናችሁ፣ ወደ ሌላ ሳይተላለፍ ራሱ እንዲጠይቅ አድርጋችሁ፣ ዲኤንኤሱን ወደ 127.0.0.1 (ወደ ማሽኑ ራሱ) አዙሩት። በፖስትፊክሱ መስመር ላይም ተቀባይነት ያለውን መልስ ከ127.0.0.2 እስከ 127.0.0.11 ብቻ ብላችሁ ገድቡት።