ስለ ውጊያው ሳይሆን ስለ ጠዋቱ ጠይቋቸው

ውድ ልጆቼ፣

አንድ የቀድሞ ወታደር አጠገባችሁ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ "ስንት ውጊያ ገቡ?" አይሁን። "ጠዋት በምን ትነሱ ነበር?" በሉ። ጥሩምባው ምን ይል እንደነበር ጠይቁ። ሰንደቅ ዓላማው ሲወጣ የት እንደቆሙ፣ ማን ገመዱን እንደያዘ ጠይቁ።

ይህን የምጽፍላችሁ ደሴ ውስጥ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የቀድሞ ሠራዊት አባላትን እየፈለግሁ ማዳመጥ ዋና ሥራዬ ሆኗል። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ኩታበር ያላዳመጥኩበት የለም። ጥቂቶቹ በጃንሆይ ጊዜ የተቀጠሩ ናቸው። የሚበዙት ግን ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ የዘመቱ፣ አንዳንዶቹም ታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠኑ ናቸው። ከዚያ 1983 መጣ። ሠራዊቱ ተበተነ። ሰዉ ወደየቀዬው ተመለሰ። ሰፈራችሁ ውስጥ ፋብሪካ የሚጠብቁት፣ ሱቅ ደጃፍ የሚቀመጡት፣ ዛሬም ድረስ ስማቸው ሳይሆን "ሃምሳ አለቃ" እየተባሉ የሚጠሩት አባት ከነሱ አንዱ ናቸው።

ስለ ውጊያ ስትጠይቁ ሁለት ነገር ይገጥማችኋል። አንዱ ዝምታ ነው። ሌላው ለሰው ሁሉ የተነገረ፣ ተነግሮ ተነግሮ የለሰለሰ ታሪክ ነው። ሁለቱንም አልነቅፍም፤ የሰው መብት ነው። ስለ ጥሩምባ ስትጠይቁ ግን ሰውየው ይለወጣሉ። ወገባቸው ይቃናል። ዓይናቸው ይበራል። ማንም ጠይቋቸው ስለማያውቅ የተዘጋጀ መልስ የላቸውም። ስለዚህ እውነተኛውን ይነግሯችኋል።

ኮምቦልቻ ያሉ አንድ ሽማግሌ በወጣትነታቸው ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። የተወሰነ ጊዜ ያገለገሉት ደሴ ነው። የደሴን የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ከጦሳ የሚወርደው ነፋስ አጥንት ሰብሮ ነው የሚገባው። ነሐስ ደግሞ ሲበርደው ድምፁ ዝቅ ይላል። ከንፈርም ይደነዝዛል። ስለዚህ ሽማግሌው ከፍራሻቸው ሲነሱ መጀመሪያ የሚያደርጉት የጥሩምባውን መንፊያ ነቅለው ብብታቸው ውስጥ መሸጎጥ ነበር። ከስክስ ጫማቸውን እስኪያስሩ ይሞቃል። ከዚያ ገጥመው፣ አንዴ በባዶ ተንፍሰው ይወጣሉ። ይህን ሲነግሩኝ እጃቸው ሳያውቁት ወደ ብብታቸው ሄደ።

"እስቲ ጥሪውን በአፍዎ ያሰሙኝ" አልኳቸው። ከንፈራቸውን አሞጠሞጡ። የመቀስቀሻው መጣ፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ወደ ላይ የሚወጣ። ሳይጨርሱት ባለቤታቸው ከጓዳ "የምሳውንስ አትነፋላቸውም?" አሉ። ለካ እሳቸውም ሁሉንም ያውቁታል። ጦር ሰፈር ውስጥ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ወጥ የሚጥዱት በጥሩምባው ነበር። ልጅ ከጨዋታ የሚጠሩት በጥሩምባው ነበር። የማታው ሰንደቅ ዓላማ መውረጃ ሲነፋ ውሃ ቀጂዋም ማሰሮዋን አስቀምጣ ትቆም እንደነበር የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

ስለዚህ ሚስቶቹንም ጠይቁ። እባካችሁ ይህን አትርሱ። ስለ ሠራዊት ታሪክ ሲጻፍ የጦር ሰፈር ሴቶች ከነጭራሹ ይዘለላሉ። ወንዶቹ ዘመቻ ሲሄዱ ግን ያ ጥሩምባ ሲነፋ እየሰሙ የቀሩት እነሱ ናቸው። ማን እንደተመለሰ፣ ማን እንዳልተመለሰ የሚያውቁትም እነሱ ናቸው።

ስለ መሣሪያው ጥቂት ልንገራችሁ፤ ስትጠይቁ ይረዳችኋል። የወታደር ጥሩምባ እንደ ማርሽ ባንድ ትራምፔት ቁልፍ የለውም። ጣት አይሠራም። ድምፁ ሁሉ የሚወጣው ከከንፈርና ከትንፋሽ ነው። ለጥሪ የሚውሉት ድምፆች አምስት ገደማ ብቻ ናቸው። የወሎ ልጅ አምስት ድምፅ ምን መሥራት እንደሚችል አይነገረውም፤ አምባሰልም ባቲም አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። የጥሩምባው አደራደር ግን ሌላ ነው። ለቅኝት ሳይሆን ሩቅ ለመሰማት የተሠራ ነው። መነሻው፣ ሰልፉ፣ ምግቡ፣ ሰንደቅ ዓላማው፣ መኝታው የየራሱ ዜማ ነበረው። ወታደሩ ቃል ሳይሰማ ምን እንደታዘዘ ያውቃል። ሁሉም ሰፈር ጥሩምባ ነፊ አልነበረውም። ብዙዎቹ በተለይ በዘመቻ ላይ የነበሩት የተነሱት በፊሽካ ነው። ይህንንም ጠይቁ፤ በፊሽካ የተቀሰቀሰና በጥሩምባ የተቀሰቀሰ ሰው ትዝታው አንድ አይደለም።

ደሴ ላይ ደግሞ ጠዋቱ የራሱ ቅደም ተከተል ነበረው። መጀመሪያ የሱብሂ አዛን ነው። ከዚያ የቤተ ክርስቲያን ደወል። ከዚያ የጦር ሰፈሩ ጥሩምባ። ሦስቱንም በተራ የሰማ ሰው ሰዓት አያስፈልገውም ነበር። አንድ ሌላ አባት "አዛኑ ለአላህ፣ ደወሉ ለእግዜር፣ ጥሩምባው ለአለቃ ያስነሳን ነበር" ብለውኛል። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ ከጎናቸው የሚተኛው ጓዳቸው የወሎ ቦረና ክርስቲያን ነበር። አንዱ ሲሰግድ ሌላው ፍራሹን ያነጥፍለታል። ለቁጥጥር ሲደርሱ ሁለቱም አልጋቸው የተስተካከለ ነው። ወሎ እንዲህ ነው የኖረው፤ ውትድርናም ይህን አላፈረሰውም።

በነገራችን ላይ፣ ሠራዊት በድምፅ መጥራት ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከጥሩምባው በፊት ነጋሪት ነበር፤ መለከትና እምቢልታ ነበር። አጼ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መስከረም ላይ የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ ለሸዋ ሰው የሰጡት ቀጠሮ እዚሁ ወሎ ውስጥ፣ ወረኢሉ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ለጥቅምት እኩሌታ የተሰበሰበው ነጋሪት ሰምቶ ነው። ዘመናዊው የነሐስ ሙዚቃ ደግሞ ሥር እየሰደደ የመጣው ቆይቶ ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው፣ በነሐስ ሙዚቃ ባንድነት ያገለገሉት አርባ የአርመን ልጆች ታሪክ የሚነገረው በዚህ ምክንያት ነው። የአባቶቻችሁ ጥሩምባ እንግዲህ የሁለት ወንዝ ውሃ ነው፤ አንዱ ከነጋሪቱ፣ ሌላው ከባሕር ማዶ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ሰንደቅ ዓላማው።

እናንተ ዛሬ ስለ ሰንደቅ ዓላማ ስታወሩ ወዲያው ወደ ክርክር ትገባላችሁ። ዓርማ ያለው ነው ወይስ የሌለው? አንበሳው ነው ወይስ ኮከቡ? አልወቅሳችሁም፤ አገሩ ሁሉ የሚከራከርበት ነው። ግን ሽማግሌ ፊት ስትቀመጡ ክርክራችሁን ደጅ ተዉት። እኝህ ሰው በጃንሆይ ጊዜ ተቀጥረው ከሆነ ሰላምታ የሰጡት አንበሳ ላለበት ነው። አንበሳው በደርግ ጊዜ ተነሳ። ሰማያዊው ክብና ኮከቡ የመጣው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ እሳቸው ከሠራዊት ከተሰናበቱ ዓመታት አልፈዋል። መዝሙሩም በየመንግሥቱ ተቀይሯል። አንድ ሰው በአንድ ዕድሜው እነዚህን ሁሉ ቆሞ አይቷል። "የትኛው ነው ትክክለኛው?" ብላችሁ ብትጠይቁ ፖለቲካ ታገኛላችሁ። "ሲወጣ ምን ይሰማዎት ነበር?" ብላችሁ ብትጠይቁ ሰውየውን ታገኛላችሁ።

አንዴ እንዲህ ብዬ ስጠይቅ አንድ አሥር አለቃ ስለ ገመዱ ብቻ ነው ያወሩኝ። ገመዱ ሲረጥብ ይከብዳል። ክረምት ላይ በዝናብ ውስጥ ሲስቡት እጅ ይልጣል። ያም ሆኖ ሰንደቁ ጫፍ መድረስ ያለበት መዝሙሩ ሲያልቅ እኩል ነው። ከቀደመ ነውር ነው፤ ከዘገየም ነውር ነው። ማታ ሲወርድ ደግሞ መሬት ሳይነካ ሁለት ሰው ይቀበለዋል። ይህን ያህል ነው ያሉኝ። ስለ ፍቅር፣ ስለ ክብር አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔ ግን ስለ አገር ፍቅር ከሰማኋቸው ንግግሮች ሁሉ ያንን ገመድ እመርጣለሁ።

እናንተም ይህን ሥራ በከፊል ታውቁታላችሁ። ትምህርት ቤት በየጠዋቱ ተሰልፋችኋል። ከመካከላችሁ ገመድ የሳበ፣ ከመዝሙሩ ጋር እኩል ለመድረስ የተጨነቀ አይጠፋም። ከሽማግሌው ጋር የምትገናኙበት ድልድይ እሱ ነው። "እኔም ትምህርት ቤት እሰቅል ነበር" ብላችሁ ጀምሩ። ወዲያው ያርሟችኋል። "እንዴት ነበር የምታጥፉት?" ይሏችኋል። ጨዋታው ተጀመረ ማለት ነው።

ይህ ትዝታ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖችም ጦር ሰፈራቸው ውስጥ ማታ ሰንደቅ ዓላማ ሲወርድ መኪና የሚነዳው ሳይቀር ቆሞ ይጠብቃል። የመኝታ ጥሩምባቸው አሁን ያለውን መልክ የያዘው በ1862 እ.ኤ.አ.፣ እርስ በርስ ሲዋጉ ነው። 24 ድምፅ ብቻ ነው። ያው ዜማ በወታደር ቀብር ላይም ይነፋል። የነሱ ጡረተኞችም ስለ አገልግሎታቸው ሲያወሩ ይህን የጠዋትና የማታ ጥሩምባ ደጋግመው ያነሳሉ። ወታደር የትም ወታደር ነው።

እኛ ዘንድ ግን ጥሩምባው ሌላም ትርጉም አለው። ጎህ ሲቀድ ሰፈር ውስጥ ጥሩምባ ከተነፋ የቅሬ፣ ማለትም የዕድር ነው። ሰው ሞቷል ማለት ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይወጣል። አንድ የቀድሞ ወታደር "ድሮ ስሰማው እነሣ ነበር፣ አሁን ስሰማው ማን ተኛ ብዬ እጠይቃለሁ" አሉኝ። በ1969 ሃያ ዓመታቸው የነበሩት ዛሬ ሰባ እየተጠጉ ነው። በጃንሆይ ጊዜ የተቀጠሩት ሰባን አልፈዋል፤ ሰማንያን የተሻገሩም አሉ። ለዚህ ነው "በኋላ እጠይቃቸዋለሁ" እንዳትሉ የምለምናችሁ። ዕቃም ቢሆን አይጠብቃችሁም። በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የደሴ ሙዚየም ምን እንደደረሰበት አይታችኋል፤ ስንት ዓመት የተሰበሰበ ቅርስ ተዘረፈ። ዕቃ ይዘረፋል። ድምፅ ግን ብዙ ቦታ ከተቀመጠ አይዘረፍም።

እንዴት ታደርጋላችሁ? ስልካችሁ ይበቃል። መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ። ቡናው እስኪፈላ ድምፅ አትቅዱ፤ አቦሉ ላይ ሰው ገና አልተፈታም፣ ቶናው ላይ ይጀምራል። ስልኩን ከስኒው ራቅ አድርጉት፤ ካልሆነ የምትሰሙት የስኒ ድምፅ ብቻ ነው። ጥሪዎቹን በአፋቸው እንዲያሰሟችሁ ለምኑ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ። ዓመት ሲጠሩ በኛ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር አረጋግጡ። ስለ ዛሬ ጦር ሰፈሮች ምንም አትጠይቁ፣ አጠገባቸውም ሆናችሁ ፎቶ አታንሱ፤ የምንፈልገው የድሮውን ነው። ሰውየው ካለቀሱ ቅጂውን አቁሙ። "አብሽሩ አባባ" በሉና ቡናውን ጠጡ። ጥያቄ አትጨምሩ። ሌላ ቀን ራሳቸው ይጠሯችኋል።

በቅርቡ ጦርነት የተመለሱ የእናንተ እኩዮችም አሉ። እነሱን ግን ለጊዜው አትቅዱ። አብራችሁ ተቀመጡ፣ ካወሩ ስሙ።

ቅጂውን አንዱን ለቤተሰቡ ስጡ፤ ይህ ከሁሉ ይቀድማል። ቤተሰቡ ከፈቀደ ሌላውን ወሎ ዩኒቨርሲቲ ላለ የታሪክ መምህር አድርሱ። በየዓመቱ ጥቅምት ወር የመጀመሪያው ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ሲከበር ደግሞ ርእሰ መምህራችሁን አንድ ነገር ለምኑ። ከሰፈሩ አንድ የቀድሞ ወታደር ይጋበዙ። ንግግር አድርጉ አትበሏቸው፤ ማይክ ያስጨንቃቸዋል። ገመዱን ስጧቸው። ከአጠገባቸው ግን አንድ ጎበዝ ተማሪ ይቁም፤ ክንዳቸው ሊደክም ይችላል። መዝሙሩንም ትንሽ ዘግየት አድርጋችሁ ዘምሩላቸው።