የቤት ኪራይና ኑሮ ከከተማ ከተማ ለምን ይለያያል? ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ስራዬ ለባንክ ብድር ማስያዣ የሚቀርቡ ቤቶችን መገመት ነው፣ በዚሁ ስራ ከአዳማ እስከ ጋምቤላ ከባህር ዳር እስከ ጅግጅጋ ዞሬያለሁ። ሰሞኑን "እዛ ከተማ ርካሽ ነው፣ ጓዛችንን ጠቅልለን እንግባ" የሚል ሰው ስለበዛ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ብሎኬቱ ያው ብሎኬት፣ ቆርቆሮው ያው ቆርቆሮ። አዲስ አበባ ያለ ቤት ሆሳዕና ካለው ቤት ስንት እጥፍ የሚሸጠው ለምንድነው?

ልዩነቱ ያለው ቤቱ ላይ ሳይሆን ቦታው ላይ ነው። እኛ ስንገምት ግንባታውን ለብቻ ቦታውን ለብቻ እናሰላለን፣ ግንባታው ላይ በከተሞች መሀል ያለው ልዩነት ሰው እንደሚያስበው አይደለም፣ እንደውም ራቅ ያለ ከተማ ላይ ግንባታው ይብሳል (ከታች ስለ ጋምቤላ የጠየቀ አለ፣ እዛ እመለስበታለሁ)። ዋናው ጥያቄ አዲስ ቦታ በምን ያህል ፍጥነት ለሰው ይደርሳል የሚለው ነው። የከተማ ቦታ ከ1967ቱ አዋጅ ጀምሮ የመንግስት ነው፣ አሁን የሚሰጠው በሊዝ ነው፣ በጨረታ ወይ በምደባ። ብዙ የክልል ከተማ ላይ መምህሩም የጤና ባለሙያውም በማህበር ተደራጅቶ ቦታ ይወስዳል፣ ጊዜ ቢፈጅም ይደርሰዋል፣ ቀስ እያለ ጭቃም ቢሆን ሰርቶ ይገባበታል። አዲስ አበባ ላይ ግን መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ተስፋው ኮንዶሚኒየም ነበር፣ የ1997 ተመዝጋቢ ሆኖ ከ15 አመት በላይ እየቆጠበ እጣ የጠበቀ ሰው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያ ሁሉ ጠባቂ እስኪደርሰው የሚኖረው ተከራይቶ ነው። በዛ ላይ ከፒያሳና ከካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ የተነሳ ተከራይ አለ፣ የጸጥታ ችግር ፈርቶ ከክልል የገባ አለ፣ ሁሉም የሚፈልገው ያችኑ ባለ አንድ ክፍል ሰርቪስ ነው።

ጥያቄ፦ ኪራዩስ እሺ፣ የመሸጫው ዋጋ ግን ከኪራዩ ጋር አይገናኝም። ቤቱን ገዝቼ ባከራየው ብሬን ለማስመለስ እድሜ ልኬን መጠበቅ ነው። ማነው የሚገዛው?

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙው ገዢ ለኪራዩ ብሎ አይደለም የሚገዛው፣ ብሩ እንዳያልቅበት ነው። ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ትንሹ ወለድ 7 በመቶ ነው፣ በ2014 ደግሞ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ብሩን ባንክ ያስቀመጠ ሰው በየአመቱ እየከሰረ ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ ነጋዴውም ዲያስፖራውም ቤት ላይ ይጥለዋል። እና የሚጥለው የት ነው፣ ነገ በቀላሉ ይሸጥልኛል ብሎ የሚያምንበት ከተማ ላይ ነው፣ መጀመሪያ አዲስ አበባ ከዛ አዳማ ቢሾፍቱ ሀዋሳ ባህር ዳር እያለ ይሄዳል። ትንሽ ከተማ ላይ ቤት ብትገዛ ለመሸጥ ስትፈልግ ገዢ ስለማታገኝ ያ ገንዘብ እዛ አይደርስም፣ ለዛ ነው እዛ ዋጋው ከነዋሪው ገቢ ብዙ ርቆ የማይሄደው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በአጭር ጊዜ 100ን አለፈ፣ ከውጭ ለሚልከው ሰው ቤቱ ረከሰ፣ እዚህ በብር ደሞዝ ለሚኖረው ደግሞ ባሰበት።

ጥያቄ፦ ሀዋሳ ተወልጄ ነው ያደኩት፣ ድሮ ኪራይ ምንም አልነበረም። ምን ነካት?

ሀዋሳ ላይ ብዙ ነገር ተደራርቧል፣ ዩኒቨርሲቲው አለ፣ ቱሪዝሙ አለ፣ ግን እኔ ኢንዱስትሪ ፓርኩን አንድ በይው እላለሁ። በ2008 መጨረሻ ሲመረቅ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር እንዲመጡ ታስቦ ነው፣ መኖሪያ ግን በዛ ልክ አልተሰራም። አከራዮች በግቢያቸው ውስጥ ጠባብ ጠባብ ክፍሎች ደረደሩ። አንዱን ግቢ ልገምት ገብቼ ያየሁት እስካሁን ከአእምሮዬ አይወጣም። ክፍሏ ፍራሽ ተነጥፎ መቆሚያ የላትም፣ አራት ልጆች ናቸው የሚኖሩባት፣ ሁለቱ ቀን ሁለቱ ማታ ሺፍት ናቸው ስለዚህ ፍራሹን እየተቀያየሩ ይተኙበታል፣ ሻንጣዎቻቸው ግድግዳ ላይ ምስማር ተመቶ ተሰቅለዋል። ለአራት ካልተካፈሉት ደሞዛቸው ኪራዩን ከፍሎ ምግብ ላይ አይደርስም ነበር። ቤተሰብ ይዞ የሚከራይ ሰው ታዲያ ከአራት ደሞዝ ጋር ነው የሚፎካከረው፣ ባለቤቱ በሰው ቁጥር ማስከፈል ከለመደ ወዲያ ለአንድ አባወራ በድሮው ዋጋ አይሰጥም። አሜሪካ ያለ ቀረጥ እቃ ወደ ሀገሯ የማስገባትን የአጎዋ እድል በ2014 ስትዘጋና ድርጅቶች ሲወጡ ፓርኩ አካባቢ ያለ አከራይ ክፍል ጾም እንዳደረበት ሲያማርር ሰምቻለሁ፣ ኪራዩን የሰቀለው ፓርኩ ለመሆኑ ከዛ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ጅግጅጋ ተመድቤ መሄዴ ነው። አንዱ ርካሽ ነው ይለኛል አንዱ ውድ ነው ይለኛል። እህታችሁ የቱን ልመን?

ሁለቱንም እመኚ እህቴ፣ የምትበይው ነው የሚወስነው። ጅግጅጋ ለበርበራ ወደብና ለድንበሯ ቶጎ ውጫሌ መስመር ቅርብ ናት፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዘይት፣ የዱቄት ወተት፣ ልብስ፣ ኤሌክትሮኒክስ በዛ በኩል ስለሚገባ ከአዲስ አበባ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ጤፍ ግን ከደጋ ተጭኖ ነው የሚመጣው፣ በርበሬና ሽሮም እንደዛው። ጠዋት ሩዝ ማታ ፓስታ የሚበላ ቤተሰብ ተመችቶት ይኖራል፣ በቀን ሁለቴ እንጀራ ካላገኘሁ የሚል ሰው ደግሞ ደሞዙ ይሟጠጣል። አርባምንጭ ሙዙ ከእርሻው ሲነሳ ያለው ዋጋና አዲስ አበባ አትክልት ተራ ሲደርስ ያለው ዋጋ አይተዋወቁም፣ አሶሳ በማንጎ ወቅት ማንጎ የሚያነሳው ጠፍቶ መሬት ላይ ይበሰብሳል። እዛው አሶሳ ግን ሳሙና ስትገዢ የጅቡቲን መንገድ በሙሉ ከፍለሽ ነው። ስለዚህ በቅርብ የሚመረተው ምንድነው፣ ከወደብና ከፋብሪካ የሚመጣውስ ምን ያህል ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነው ብለሽ ጠይቂ። መሀል ላይ ያለው ኬላም ይቆጠራል፣ በየኬላው የሚከፈለው ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ከሸማቹ ኪስ ነው፣ መንገድ ሲዘጋማ ምርቱ እያለ እንኳን ዋጋው ይሰቀላል።

ጥያቄ፦ የመንግስት ሰራተኛ ነኝ። ደሞዜ አዲስ አበባም ብሆን ሌላ ቦታ ያው ነው። ይሄ ፍትሃዊ ነው ትላለህ?

አይደለም፣ በግልጽ እናገራለሁ። የደሞዝ ስኬሉ አንድ ነው፣ ኪራዩ ግን በእጥፍ ይለያያል፣ ስለዚህ አንድ አይነት ስራ የሚሰሩ ሁለት ሰዎች በእጃቸው የሚቀረው አንድ አይደለም። ለሞቃት ቆላ ቦታ የበረሃ አበል አለ፣ እሱም ቢሆን የታሰበው ለአየሩ ነው እንጂ ለቤት ኪራዩ አይደለም። የኪራይ ድጎማ ከከተማው ዋጋ ጋር ታስሮ ቢሰጥ ነበር የሚበጀው። ካልሆነ ጥሩ መምህርና ጥሩ ነርስ ከትልቅ ከተማ እየለቀቀ ይሄዳል፣ ወይ ደግሞ ሁለተኛ ስራ ሲሯሯጥ ክፍል ውስጥ ደክሞት ይቆማል፣ ልጆቻችንን የሚያስተምረው እሱ ነው እኮ።

ጥያቄ፦ ጋምቤላ ቦታ አለኝ፣ ሰርቼ ላከራይ አስቤ ነበር። ቦታው ርካሽ ስለሆነ አዋጭ አይሆንም?

ቦታው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አትቸኩል። ትልልቆቹ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ሙገር፣ ደርባ፣ ዳንጎቴ፣ አሁን ደግሞ ለሚ፣ ሁሉም አዲስ አበባን ከበው ነው ያሉት፣ መሰቦ መቀሌ ነው፣ ናሽናል ድሬዳዋ ነው። ጋምቤላ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሲሚንቶው፣ ፌሮው፣ ሴራሚኩ፣ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ሳይቀር ያን ሁሉ መንገድ ተጭኖ ነው የሚመጣው፣ በክረምት መንገድ ሲበላሽ መኪና ይቆማል። ነዳጅ ራሱ መንግስት በሚያወጣው ዝርዝር ላይ ከከተማ ከተማ ዋጋው ይለያያል፣ ማደያ ላይ ሲጠፋ ደግሞ በጀሪካን በሌላ ዋጋ ይሸጣል። የፊኒሺንግ ባለሙያም ብዙ ጊዜ ከመሀል ሀገር ነው የሚሄደው፣ ማደሪያውንና ምግቡን አንተ ነህ የምትችለው። ስለዚህ ግንባታው ውድ፣ የተከራዩ አቅም ደግሞ የከተማው ደሞዝተኛ አቅም ነው። ኤንጂኦ ተከራይ ካለህ ሌላ ነገር፣ እሱም ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ይሄዳል። በአካባቢው የሚገኘውን አሸዋና ድንጋይ ጠይቅ፣ ከዛ በደረጃ ስራ።

ጥያቄ፦ የኪራይ አዋጁ ወጣ ተብሎ ነበር፣ ምን ጠቀመን?

አዋጅ 1320/2016 ማለትህ ነው። ውሉ ቢያንስ ሁለት አመት እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም በአመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ ብቻ እንዲሆን ይላል። ቤት ውስጥ ላለ ተከራይ ጥሩ ነው፣ ውልህን አስመዝግብ፣ ያልተመዘገበ ውል ይዘህ መከራከር ያደክምሃል። አዲስ ለሚፈልገው ግን ቤት አይጨምርለትም፣ አከራዩ በኋላ እንደልቡ መጨመር እንደማይችል ሲያውቅ መጀመሪያውኑ ከፍ አድርጎ ይጠራዋል። ቤት ካልበዛ ይሄ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ሸገር ከተማ ውስጥ ተከራይቶ አዲስ አበባ መስራትስ?

ኪራዩ ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ግን ታክሲውንና ሰአቱን ደምረው። ከሁለት ትራንስፖርት በላይ የምትይዝ ከሆነ ጥቅሙ እያለቀ ነው። ውሃውንም ጠይቅ፣ በፈረቃ ሆኖ በሳምንት አንድ ቀን ከሆነ በጀሪካን ነው የምትገዛው፣ ያ ደግሞ ሁለተኛ ኪራይ ነው። ለልጆች ትምህርት ቤቱን ቀድመህ እይ። አዳማ ሆኖ አዲስ አበባ መመላለስን የጠየቃችሁ ደግሞ ፈጣን መንገዱ ጉዞውን አሳጥሮታል፣ ለየቀኑ ግን አልመክርም፣ በሳምንት ሁለት ሶስት ቀን ብቻ ቢሮ ለሚገባ ሰው ያስኬዳል።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ አሜሪካ ሜሪላንድ። እዚህም ያው ጉድ ነው፣ ጓደኞቼ ሁሉ ወደ ዳላስ እየሄዱ ነው። የቤት ዋጋው ልዩነት ከምን መጣ?

ነገሩ እዛም ያው የመሬትና የፈቃድ ጉዳይ ነው። ዲሲ የህንጻ ከፍታን የሚገድብ የ1910 ህግ አለባት፣ አንቺ ያለሽበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ከ1980 ጀምሮ ሲሶ የሚሆነውን መሬት ለእርሻ ከልሎ ይዟል፣ የፌደራል መንግስቱ ስራ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሰው ሲስብ ኖሯል። ዳላስ ዙሪያውን ሜዳ ነው፣ ፈቃዱም ቶሎ ይገኛል፣ ወደ ውጭ እየሰፋ ይሰራል። ግን ቤቱን ብቻ አትይ። ቴክሳስ የስቴት የገቢ ግብር የለም፣ የቤት ግብሩ ግን ከባድ ነው፣ በየአመቱ ይመጣል። ትንሹ የሰአት ክፍያ ቴክሳስ የፌደራሉ 7.25 ዶላር ነው፣ ሜሪላንድ 15 ነው፣ ስለዚህ የፓርኪንግ ወይ የስቶር ስራ የሚሰራ ሰው ገቢው አብሮ ሊወርድ ይችላል። ነርስ ወይ የአይቲ ሰራተኛ ሆኖ ደሞዙ ብዙ ካልቀነሰ ያዋጣዋል። ያለ መኪና ደግሞ አይሞከርም፣ ባልና ሚስት በተለያየ ሰአት ከሰሩ ሁለት መኪና ሁለት ኢንሹራንስ ነው። ስራ ሳትይዢ ቤት አትግዢ፣ መጀመሪያ ስድስት ወር ተከራዪና እዪው።

ጥያቄ፦ በአጭሩ፣ የትኛው ከተማ ነው ርካሹ?

ስራህ ምንድነው፣ ስንት ልጅ አለህ፣ ምን ትበላለህ? እነዚህን ጻፍልኝና በስምህ እመልስልሃለሁ።