«አዳኝ» ሲጠብቅና ሲላላ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጭጋግ በዋጠው የድሮ ለንደን አጋንንት ስለሚያድኑ ወጣቶች የሚተርኩ ልቦለዶችን እንደምወድ ከጻፍኩ ወዲህ ደብዳቤው ጎርፏል። ዛሬ ሰባቱን ይዣለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የ41 ዓመት አባት ናቸው። ልጃቸው ምን እንደምታነብ ለማየት መጽሐፉን ከፈቱ፤ ሳያስቀምጡት ነጋ። አሁን አፍረዋል።

ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ቀጣዩን ክፍል ግን መጀመሪያ ለእሷ ይስጧት።

አንድ አንባቢ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ስላጣ ከሁለተኛው ሊጀምር ነው።

አይሆንም። ፈልገው።

አንዲት አንባቢ የያዘችው ልቦለድ ታሪኩ በ1879 ለንደን ውስጥ ነው። ሽፋኑ ላይ ባለ ሁለት ማማው ታወር ብሪጅ ተስሏል፤ ገጸ ባሕርያቱ ደግሞ በምድር ውስጥ ባቡር ይሳፈራሉ። «የቱ ነው ውሸቱ?» ትላለች።

ሽፋኑ ነው። የድልድዩ ግንባታ የተጀመረው በ1886፣ የተከፈተውም በ1894 ነው። ባቡሩ ግን እውነት ነው። የመጀመሪያው የምድር ውስጥ መስመር ሥራ የጀመረው በ1863 ሲሆን የሚጎትተውም የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ነበር። እስቲ አስቢው። ዋሻው በጭስ ታፍኗል፣ ተሳፋሪው ያስላል፣ ከፊት ያለው ሰው በቅጡ አይታይም። ጋኔን ለመደበቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል? መብራቱንም ልብ በይ። ያኔ ጎዳናውን የሚያበራው ጋዝ ነበር፤ በቴምዝ ወንዝ ዳር ግን በ1878 መጨረሻ የኤሌክትሪክ መብራት ተሞክሯል። ስለዚህ ጀግናሽ ከቢጫው የጋዝ ፋኖስ ወጥታ ወደ ነጩ ብርሃን ብትሮጥ ደራሲው የቤት ሥራውን ሠርቷል። እኔ ጋኔኑን የማምነው መንገዱን ካመንኩ በኋላ ነው።

የ16 ዓመት ልጅ ነው። ሌሊት ይነቃል፤ ዓይኑ ተከፍቷል፤ እጁን ግን ማንሳት አይችልም። ጥቁር ነገር ደረቱ ላይ ተቀምጧል። «መጽሐፉ ነው ያመጣብኝ? ልተወው?»

ወንድሜ፣ ይሄ ዱካክ ነው። መጽሐፉ ከመጻፉ ከብዙ ዘመን በፊትም ነበር። ሕልም በብዛት በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎላችን ጡንቻዎቻችንን ያዝላቸዋል። ይህ ባይሆን ሕልማችንን አልጋ ላይ እየተወራጨን እንተውነው ነበር። አንዳንዴ ታዲያ አእምሮ ቀድሞ ይነቃል፣ ሰውነት ወደኋላ ይቀራል። በዚያች መሃል ሕልሙ ክፍልህ ውስጥ ይቀጥላል። ሰዓሊው ሄንሪ ፉሴሊ በ1781 በተኛች ሴት ላይ የተቀመጠ ጋኔን ሥሏል፤ ሥዕሉን ብታየው የራስህ ሌሊት ይመስልሃል። ያስፈራል እንጂ አይገድልም። መጽሐፉን አትተው፤ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ማንበብን ተው። እንቅልፍ ማጣት ዱካክን ያባብሰዋል።

ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ ግን «ሁለት ወር ሆነኝ፣ ቀን ክፍል ውስጥም እንቅልፍ ይጥለኛል» ብለሃል። ይህን በዋዛ አላልፈውም። ሐኪም ዘንድ ሂድ። በዚህ ሳምንት ሂድ። ለቤተሰቦችህ መናገር ካፈርክ ይህን ጽሑፍ አሳያቸው። እኔ ከሩቅ ሆኜ እገምታለሁ፤ ሐኪሙ ይመረምርሃል።

አንዲት መምህርት ደግሞ ተማሪዎቻቸው አፋጠዋቸዋል። እንዲህ ያሉ አዳኞች በእውነት ነበሩ ወይ?

ነበሩ። ያደኑት ግን ሰው ነበር።

በ1645 እንግሊዝ በእርስ በርስ ጦርነት ትታመስ ነበር። በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ማቲው ሆፕኪንስ የሚባል ሰው ራሱን «የጠንቋይ አዳኞች ጄኔራል» ብሎ ሾመ። ከከተማ ከተማ እየዞረ ያድናል፤ ከተሞቹም ይከፍሉታል። ከመጀመሪያዎቹ ተከሳሾች አንዷ የማኒንግትሪዋ ኤልዛቤት ክላርክ ናት። ደሃ፣ ያረጀች፣ አንድ እግር የሌላት ሴት። እንዳትተኛ ሌሊት ከሌሊት ጠበቋት። በመጨረሻ አጋንንቶቿን በየስማቸው ጠራች፤ ሌሎች ሴቶችንም ጠቆመች። ተሰቀለች። ሰማንያ ዓመት ገደማ የሆናቸው ቄስ ጆን ሎውስም በዚያው ዓመት እንዲሁ እንቅልፍ ተነፍገው፣ እስኪዝሉ እንዲሮጡ ተደርገው፣ ተናዘዙ ተባለ። እሳቸውም ተሰቀሉ።

ከላይ ለልጁ የነገርኩትን ያስታውሱ። እንቅልፍ ያጣ ሰው የሌለውን ያያል። ሆፕኪንስ አጋንንቱን አድኖ አላገኛቸውም፤ በሌሊቱ ጥበቃ ራሱ ፈጠራቸው።

በእኛ ቋንቋ «አዳኝ» የሚለው ቃል ሲጻፍ አንድ ነው። «ዳ» ሲጠብቅ አድኖ የሚይዝ ነው፤ ሲላላ የሚያድን ነው። የምንወዳቸው ልቦለዶች ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ ያገናኛሉ፤ ልጅቷ ጋኔኑን ታድናለች፣ ሕፃኑን ታድናለች። ይህን የምትችለው ጋኔኑ ጋኔን መሆኑ ስለሚታወቅ ነው፤ ደሙ ጥቁር ነው፣ ሲሞት አመድ ይሆናል። ኤልዛቤት ክላርክ አመድ አልሆነችም። ለዚህ ነው እኔ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ገጽ የምፈልገው፦ አዳኟ ሰይፏን አንሥታ ከፊቷ ያለው ምን ነው ወይስ ማን ነው ብላ የምትዘገይበት። ያ ገጽ የሌለው መጽሐፍ ውጊያው የቱንም ያህል ቢያምር ልቤ አይገባም። እርስዎም ክፍል ውስጥ ያንን ገጽ ያስነብቧቸው። ወዲያው፣ በዚያው ክፍለ ጊዜ፣ የኤልዛቤትን ታሪክ ይንገሯቸው።

ፊደሉ ደቃቅ ሆኖ ራስ ምታት ያስያዛቸው አንባቢም አሉ። የዓይን ሐኪም ያማክሩ።

የመጨረሻዋ የ15 ዓመት ልጅ ናት። ሁለት የልብ ጓደኛሞች አንዲቷን አዳኝ ወደዋታል። አዳኟ ከየትኛው ጋር እንደምትሆን ካልነገርኳት እንቅልፍ እንደማይወስዳት ትናገራለች።

አልነግርሽም። መጽሐፉን ዝጊና ተኚ፤ ነገ ትቀጥያለሽ። ሦስተኛው ቅጽ ላይ ስትደርሺ መሐረብ ያዢ።