መምጫው 17 ሰዓት፣ መመለሻው 13

ጥያቄ፦ እናቴ በሐምሌ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ልትመጣ ነው። መምጫው 17 ሰዓት፣ መመለሻው ግን 13 ሰዓት ነው ተባልን። ርቀቱ አንድ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ርቀቱስ አንድ ነው። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት በአጭሩ መስመር ሲለካ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ የሚጀምረው ቦሌ ላይ ነው። ማኮብኮቢያው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነ፣ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በ20 በመቶ ያህል ይሳሳል። በሳሳ አየር ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ክንፉም አውሮፕላኑን ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ ለ11,560 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ነዳጅ፣ ሙሉ መንገደኛና ጭነት አንድ ላይ ይዞ መነሣት ያዳግታል። ወይ ወንበር ባዶ ይተዋል፣ ወይ መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ ይቀዳል። የትኛው አየር መንገድ ነው ወንበር ባዶ መተው የሚወድ! ደለስ ግን ከባሕር ጠለል 95 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል፣ ከዚያ የተነሣ አውሮፕላን ሳያርፍ ቦሌ ይገባል።

ነዳጅ ለመቅዳት ለምሳሌ አየርላንድ ውስጥ ደብሊን ላይ ማረፍ መንገዱን እጅግ የሚያስረዝም ይመስላል፤ ነገር ግን ከቦሌ ደብሊን 6,370፣ ከደብሊን ደለስ 5,460፣ በድምሩ 11,830 ኪሎ ሜትር ነው። ጭማሪው 270 ኪሎ ሜትር፣ 20 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ጊዜውን የሚበላው መውረዱ፣ መሬት ላይ ቆሞ መቅዳቱና እንደገና መውጣቱ ነው።

የቀረው የነፋስ ሥራ ነው። አትላንቲክ ላይ አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ነፋሱ በአብዛኛው የሚነፍሰው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን የ100 ኪሎ ሜትር ነፋስ ከፊቱ ቢገጥመው፣ ከደብሊን ደለስ 6 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ያው ነፋስ ከኋላ ቢገፋው 5 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ይበቃዋል። ነፋሱ በክረምታቸው፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ይበረታል።

ጥያቄ፦ ቲኬቱ 22:30 ተነሥቶ በማግስቱ 8:30 ይደርሳል ይላል። 10 ሰዓት ብቻ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም በየከተማው ሰዓት የተጻፉ ናቸው። በሐምሌ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ 7 ሰዓት ወደኋላ ስለሚቀር፣ 10 ላይ 7 ሲደመር 17 ይሆናል። ሲመለሱ ደግሞ ይቀነሳል፤ 11:00 ተነሥቶ በማግስቱ 7:00 ቢገባ፣ 20 ሲቀነስ 7፣ 13 ሰዓት ነው። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ከኅዳር መጀመሪያ እስከ መጋቢት ሁለተኛ እሑድ (በፈረንጆቹ) ስለሚመልሱ፣ በዚያ ወቅት በ7 ፋንታ 8 ይያዝ።

ቀኑንም አደራ። 22:30 የእኛ ማታ 4:30 ነው፤ ይኼ አያሳስትም። ቲኬቱ «ሐሙስ 00:15» ካለ ግን በእኛ አቆጣጠር ረቡዕ ሌሊት 6:15 ማለት ነው። እናትዎ ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት ላይ ቦሌ መገኘት አለባቸው፤ ሐሙስ ማታ ከሄዱ አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን አልፎታል።